የዋልያስን ድምፅ ሰው እየቆጠርክ ስማው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» አልበም ስትሰማ የትንፋሽ መሣሪያው ልብህን ወስዶታል። የባንዱን ኦርጋን ተጫዋች የኃይሉ መርጊያን የአኮርዲዮን ካሴት ስትሰማ ደግሞ ሌላ ሰው መስሎሃል። «ዋልያሶች ስልታቸውን ለምን ቀየሩ? ለፈረንጅ ብለው ነው ወይ?» ብለሃል። ግማሹ ሰው «የድሮን የሚያክል የለም» አለህ፤ ግማሹ «ጊዜው ነው» ብሎ አለፈህ። እኔ ጅማ ውስጥ ከኪነት ቡድን እስከ ሠርግ ቤት ኦርጋን ስነካካ የኖርኩ ነኝ። ትልቅ ሙዚቀኛ ነበርኩ አልልህም። ባንድ ሲበተን ድምፁ ምን እንደሚሆን ግን በገዛ እጄ አይቻለሁ። ቡናህን ያዝ፣ ይረዝማል።

የፈረንጁን ነገር ቶሎ እንዝጋው። የአኮርዲዮኑ ካሴት በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ነው የተሠራው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ያኔ የሰማነው እኛው ነን። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴት ሲገዛ እጁ ገባለትና በ2013 እንደገና አሳተመው። ከ28 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ገዢ ብሎ ስልት የሚቀይር ሰው የለም።

አሁን ሰው እንቁጠር። «ቼ በለው» በ1977 በሸክላ የወጣ ነው። ኃይሉ ኦርጋን ላይ፣ ግርማ በየነ ፒያኖ ላይ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስ ላይ፣ ከጎናቸው ትራምፔት፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት ቫይብራፎን (በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ) ይዞ ገብቷል። ከአልበሙ ውስጥ የግርማን «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለውን ዜማ ሌላውን ሁሉ ትተህ ትንፋሾቹን ብቻ ተከትለህ ስማ። አንድ ላይ ይመታሉ፣ ዝም ይላሉ፣ በመሃል ኦርጋኑ ሾልኮ ይገባል። ይህ የሚሆነው ሰው ሲሞላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዋልያሶች መሣሪያው የራሳቸው ነበር። በዚያ ዘመን ብዙው ባንድ የሚጫወተው በሆቴሉ ወይም በክለቡ ባለቤት ዕቃ ነው። ተጣልተህ ስትወጣ ባዶ እጅህን ነህ። እነሱ ግን ሒልተን ሲጫወቱም ዕቃቸውን ይዘው ነው። ዘመኑ ደግሞ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። እኩለ ሌሊት ሲደርስ ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል በሩ ይዘጋና እስኪነጋ ይጨፈራል። እስከ ንጋት የሚዘፍን ጉሮሮ የለም፤ ግጥምም በሳንሱር ማለፍ አለበት። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግን እስኪነጋ ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው የሚስቅብኝ አይመስለኝም።

ወደ ጅማ ልመልስህ። ደርግ ሊወድቅ አምስት ዓመት ሲቀረው ኪነት ገባሁ። ስምንት ነበርን፤ አንድ ሳክስ፣ አንድ ትራምፔት፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ እኔ ኦርጋን፣ ሁለት ድምፃውያን። የዋልያስን ዜማዎች ከካሴት እየቀዳን እናጠና ነበር። አንዷን ሐረግ ለመያዝ ካሴቱን እየመለስን፣ እየመለስን፣ በመጨረሻ ክሩ ተጎትቶ ይወጣና በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን።

የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው ሳይቀር ላብ ያልበዋል። የሳክስ ቁልፎች ሥር ክብ ክብ ለስላሳ ቆዳ አለ፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ይጣበቃል። የኛ ሳክስ ተጫዋች መድረክ ከመውጣቱ በፊት የሲጋራ ወረቀት ከሥሩ እያስገባ ያስመጥጠው ነበር። አንድ ቀን ከላይ ያለው የአንዱ ቁልፍ ስፕሪንግ ተሰበረ። ጅማ ውስጥ የሚሠራው አልተገኘም፤ አዲስ አበባ ለመላክም በጀት የለም ተባለ። ልጁ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ወስዶ ቁልፉን ጠፍንጎ አሰረው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር ሠራ።

አንድ ማታ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መሃል ዜማ ላይ ላስቲኩ ጧ አለ። ከላይ ያለ ቁልፍ ክፍት ሲቀር ከሥሩ ያሉት ድምፆች አይወጡም፤ አየሩ በላይ ያመልጣል። ልጁ ይነፋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የሚወጣው ግን የታፈነ ፉጨት ነው። እኔ የሱን ሐረግ በቀኝ እጄ ኦርጋን ላይ አንስቼ ጨረስኩለት። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ልምምድ ላይ «ይችን አንተ ያዛት፣ ይችንም ጨምራት» እየተባለ የሳክሱ ድርሻ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። በዓመቱ የኪነት አዳራሽ ደንበኞች «ስልት ቀየራችሁ፣ ዘመናዊ ሆናችኋል» አሉን። የምን ስልት! ላስቲክ ነው።

ከዚያ መንግሥት ተቀየረ። ዕቃው የኛ አልነበረምና መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት። ዋልያሶች መሣሪያ የራሳቸው መሆኑን ያነሳሁልህ ለዚህ ነው። አራት ሆነን ጥቂት ጊዜ ምግብ ቤት ውስጥ ሞከርን። በመጨረሻ እኔና አንድ ኪቦርድ ቀረን። የጥር ሠርግ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ኪቦርዷን ሁለት የጅማ በርጩማ ላይ ዘርግቼ እጫወት ነበር። ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ ፈረንጅ የሠራው ማስቀመጫ ግን ይወዛወዛል። በውስጧ የተጫኑት ምቶች የኛ አይደሉም። ለችክችካ የሚሆን ስላልነበራት «ስሎው ሮክ» የሚለውን እስኪያልበው አፈጥነዋለሁ። አንድ የሙሽራ አባት አንዴ ስድስት ሰው ይዤ ልምጣ ብላቸው «ይቺ ሳጥን ሁሉንም ታሰማ የለም እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የኃይሉን ካሴት የሰማሁት በዚህ ጆሮ ነው። ዋልያሶች በ1981 ማሕሙድ አሕመድን ይዘው አሜሪካ ዞሩ። ሲያበቃ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና ሌላም እዚያው ቀሩ። የተመለሱት አዲስ አበባ ላይ የባንዱን ስም ይዘው ቀጠሉ። እንግዲህ አንድ ባንድ ውቅያኖስ መሃሉ ሲገባ ስልቱ እንዴት አይቀየር? ኃይሉ በ1985 ስቱዲዮ ሲገባ ብቻውን ነበር። የድራም ማሽን፣ ያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ ሮድስ፣ ሙግ የሚባሉትን ኪቦርዶች፣ ሁሉንም እሱ ነው የነካው፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ። ከዚያ በላያቸው አኮርዲዮኑን አስቀመጠ።

አኮርዲዮን ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ከኦርጋን በፊት በልጅነቱ የያዘው መሣሪያ እሱ ነው። ሰው ሲጎድልበት ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከካሴቱ «ሸሞንሟናዬን» ስትሰማ አኮርዲዮኑ የሚነፋው ትንፋሽ አለው፣ አየር ይስባል፣ ይገፋል። እኔ የሳክሱን ቦታ ያገኘሁት እዚያ ነው። ዜማው ያው የአገር ቤት ነው፤ ማሽኑ ከሥሩ ተቀየረ እንጂ።

ሁሉንም እወደዋለሁ ግን አልልህም። የድራም ማሽኑ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሰለቸኛል። ሰው የሚመታው ድራም ትንሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ይቸኩላል፤ ማሽን ግን እንደ ሰዓት ነው። የራሴን «ስሎው ሮክ» ስለሚያስታውሰኝም ይሆናል።

ደግሞ እየው፣ ኃይሉ ሰው ሲመጣለት ወዲያው ተቀየረ። ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ታክሲው ውስጥ ይዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2018 «ላላ በሉ» ሲወጣ ቤዝና ድራም የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ጨመረ። ስማውና ምቱ እንዴት እንደሚተነፍስ ታያለህ። አኮርዲዮኑ ግን አልቀረም።

አንድ ቀሪ ሥራ ልስጥህ። በመሃል ያለችውን ዘለሃታል። በ1978 ኃይሉ ከዋልያስ ውጪ፣ ጊዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የምትል ካሴት ሠርቷል። አዲስ አበባ እያለ፣ ማንም ሳይሰደድ፣ ባንዱ ሳይበተን። ሌሎች ሰዎች ጋር ስለተቀመጠ ብቻ ኦርጋኑ ሌላ ሆኗል፣ ለስለስ ብሏል። እሷን ሰምተህ ና፣ ከዚያ እንከራከራለን።