የወረዳው መዝገብ የት ይቀመጥ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ14 ወረዳ የመሬት ይዞታ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ልናስገባ ነው። አማካሪው ውጭ አገር ያለ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) ተከራዩ ይለናል፤ ኃላፊዎቻችን የራሳችንን ሰርቨር እንግዛ ይላሉ። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት መረጃውን በዓይነት ለዩት። የባለይዞታው ስም፣ ፎቶ፣ የመታወቂያ ቁጥርና የትዳር ሁኔታ የግል መረጃ ነው። ባዶ ቅጽ፣ መመሪያና የአገልግሎት ክፍያ ተመን ግን ማንም ሊያየው የሚገባ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በመጀመሪያው ዓይነት ላይ፣ ወደ ውጭ ማስተላለፍን ጨምሮ፣ ግዴታዎችን ይጥላል። ስለዚህ የሕግ ክፍላችሁ አዋጁን ማየት ያለበት የጨረታው ሰነድ ሳይወጣ ነው። የእኛ ምክር ሰውን የሚመለከተው ሁሉ አገር ውስጥ፣ በመንግሥት ዳታ ሴንተር ወይም በኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ድረ ገጽ የትም ቢሆን አያሰጋም።

የውጩ ክላውድ የገንዘብ ጣጣም አለው። ሒሳቡ በየወሩ በዶላር ይመጣል፤ በጀታችሁ ግን የሚጸድቀው በዓመት አንዴ፣ በብር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን፣ ሐምሌ ላይ የበቃው ገንዘብ ግንቦት ላይ ሊያጥር ይችላል።

የራስ ሰርቨር ደግሞ ማሽን በመግዛት አያልቅም። ጄኔሬተር፣ ማቀዝቀዣ፣ ሌሊት ሲጠራ የሚመጣ ባለሙያ፣ ከሁሉም በላይ በሌላ ከተማ የተቀመጠ ቅጂ ይፈልጋል። መስከረም 16 ቀን 2018 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በመንግሥት ዳታ ሴንተር የተነሳው የባትሪ እሳት ከ600 በላይ የመንግሥት ሲስተሞችን አቁሟል። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ ያስቀምጡበት የነበረው 858 ቴራባይት ማከማቻ በዚያው ተቃጠለ፤ ከሕንፃው ውጭ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ የመጠቀ አገር ላይ የደረሰ ነውና ቅጂውን ለኋላ አታቆዩት።

ጥያቄ፦ ወረዳ ላይ ኔትወርክ በቀን ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። አማካሪው የሠራው ንድፍ በ22 ማይክሮሰርቪስ (ለየብቻ በሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) የተከፋፈለ ነው። ያለን ፕሮግራመር 4 ነው።

መልስ፦ ለ4 ሰው 22 ሰርቪስ አይያዝም። እያንዳንዱ የየራሱ ክትትል፣ የየራሱ ማሻሻያ ይፈልጋል፤ አንዱ ሲወድቅ ጥፋቱን ፍለጋ ብቻ ቀኑ ይመሻል። በውስጡ በክፍል በክፍል የተለየ አንድ ፕሮግራምና አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይበቃችኋል። አንዱ ክፍል ሥራ ሲበዛበት ያን ጊዜ ብቻውን ታወጡታላችሁ።

ዋናው ችግራችሁ መስመሩ ነው። የወረዳው ኮምፒውተር ያለ ኔትወርክ መዝግቦ፣ መስመር ሲመለስ የሚልክ ይሁን። ለዚህም የመዝገቡ መለያ ቁጥር ከማዕከል ሳይጠበቅ እዚያው ወረዳ ላይ ይፈጠር፤ ያው መዝገብ ሁለት ጊዜ ቢላክ ማዕከሉ በመለያው አውቆ አንዱን ብቻ ይቀበል። ይህ ካልተደረገ መስመሩ መሃል ላይ በተቋረጠ ቁጥር አንድ ይዞታ ሁለት ሆኖ ይገባል። የፋይዳ ቁጥርን የመዝገቡ ዋና መለያ አታድርጉት፤ በሞቱ ባለይዞታዎች ስም ያሉ መዝገቦች ቁጥሩ የላቸውም። ሁለት ሠራተኞች አንዱን ይዞታ ለየብቻ ቢያርሙ ደግሞ ሲስተሙ የኋለኛውን በዝምታ አይቀበል፤ መሬት ነውና ሁለቱንም ለኃላፊ ያቅርብ።

የስካኑን መጠንም አስሉ። 2 ሚሊዮን ገጽ በ300 ኪሎባይት ሲባዛ 600 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ያለማቋረጥ ቢላክ 67 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መስመሩን በቀን 4 ሰዓት ብቻ ካገኛችሁት 17 ቀን ነው። የመጀመሪያውን ክምችት በተመሰጠረ ዲስክ በመኪና ላኩትና በመስመሩ የዕለቱን ብቻ አሳልፉ።

ጥያቄ፦ በሙከራው ላይ መኖሩን የምናውቀውን ሰው በስሙ ስንፈልገው አይገኝም። ዳታቤዙ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ፊደላችን ነው፣ ዳታቤዙ አይደለም። «ኃይሉ»ን ጸሐፊው በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጀምረው ይችላል፤ 6 ዓይነት ነው። «ዓለሙ» በአ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ 4 ዓይነት፣ «ሥዩም» በሥና በስ 2። «ኃይሉ ዓለሙ ሥዩም» ስለዚህ በ48 መንገድ ይጻፋል፣ ለኮምፒውተሩም 48 ሰው ነው። በዚህ ላይ «ገብረ መድኅን»፣ «ገብረመድህን»፣ «ገ/መድህን» አለ።

መፍትሔው ስሙን ሁለት ቦታ መያዝ ነው። አንደኛው በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው፣ ፈጽሞ የማይነካ። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ፦ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት፣ ክፍት ቦታ የወጣበት፣ «ገ/» እና «ወ/» የተዘረዘሩበት። ዋናውን በፍጹም አትለውጡት፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያየ ድምፅ ናቸው፣ የሰው ስም ታበላሻላችሁ።

ቀኑንም አብራችሁ ፈትሹ። ዝግጁ የቀን መምረጫዎች አብዛኞቹ 12 ወር ብቻ ስለሚያውቁ ጳጉሜን አያስገቡም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አስገቡና ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑን እዩ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይወጣል። የልደት ዓመቱን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ወሩና ቀኑ ባዶ ይቅር። ፕሮግራሙ መስከረም 1 ብሎ ከሞላው፣ የማይገናኙ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ከአቅራቢው ጋር በምንዋዋለው ውል ላይ ምን አይቀር?

መልስ፦ መረጃው የሚመሰጠርበትና የሚፈታበት የምስጢር ቁልፍ በእናንተ እጅ እንዲሆን። ውሉ ሲያበቃ መረጃው በሙሉ፣ ስካኑ ከነመለያ ቁጥሩ፣ በማንኛውም ፖስትግሬስ ላይ በሚከፈት መልክ በ30 ቀን እንዲመለስ። «99.5 በመቶ ይሠራል» ካላችሁ በ30 ቀን ወር 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ መቆም ተፈቅዶለታል ማለት ነው፤ ያ ሰዓት ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ በተሰለፈበት እንዳይውል ጥገናው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን ብላችሁ ጻፉ። በየ3 ወሩም አቅራቢው ባዶ ማሽን ላይ፣ እናንተ ሰዓት እየያዛችሁ፣ መዝገቡን ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) ይመልስ፤ ከዚያ ከየወረዳው 10 ይዞታ በዕጣ አውጥታችሁ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ይህ ሲሳካ ይሁን።