«ባለቤቴን ወደ ኋላ እንዳልጎትተው እፈራለሁ»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሐኪሞች ነን። እኔ ከጅማ፣ እሱ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ስንሠራ ቆይተን፣ ዲቪ ደርሶን ከልጃችን ጋር ሜሪላንድ ገባን። እሱ ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ እየሠራሁ የአሜሪካን የሕክምና ፈተናዎች ጨረስን። የእሱ ውጤት ያማረ ነው። እኔ ግን ስቴፕ ሁለት የተባለውን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ ወድቄ በሁለተኛው ነው ያለፍኩት። በመጪው ሴፕቴምበር እሱ ለውስጥ ደዌ፣ እኔ ለሕጻናት ሕክምና ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ ለሚሰጥ የስፔሻሊስት ሥልጠና) ልናመለክት ተዘጋጅተናል።

ባለቤቴ «እንደ ጥንድ እናመልክትና አንድ ከተማ እንግባ» ይላል። አጎቱ ደግሞ «ለየብቻችሁ ሞክሩ፤ ተያይዛችሁ ከሁለት ያጣ እንዳትሆኑ» ብለው መከሩን። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። በእኔ ደካማ ውጤት የተነሳ እሱ ቢቀር ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም። ስለዚህ «ዘንድሮ አልተዘጋጀሁም» ብዬ ብቻውን እንዲያመለክት ላደርግ አስቤአለሁ። እውነተኛውን ምክንያት ብነግረው እሺ ስለማይል አልነግረውም። ልጃችን ገና አራት ዓመቷ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ቤ. ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኅቴ ቤ.፣

ፍርሃትሽ የቆመው በአጎት ምክር ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አጎት ለእናንተ አስበው ነው፤ አሠራሩ ግን እሳቸው እንደገመቱት አይደለም። አመልካቾችን በሬዚደንሲ ቦታዎች ላይ የሚመድበው ኤንአርኤምፒ የተባለው ድርጅት ከጥንዶች የሚቀበለው ጎን ለጎን የተሞላ የሆስፒታል ምርጫ ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የአንቺ ምርጫ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ይሄድበታል፤ ሁለታችሁም ቦታ የምታገኙበት ከፍተኛው መስመር ምደባችሁ ይሆናል። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ በአንዳችሁ በኩል «ያለ ምደባ» ብሎ መሙላት ይፈቀዳል። እሱ ባልቲሞር፣ አንቺ ያለ ምደባ ብላችሁ አንድ መስመር መያዝ ትችላላችሁ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። እሱን 12 ሆስፒታሎች፣ አንቺን 3 ሆስፒታሎች ለቃለ መጠይቅ ጠሩ እንበል። ሁለታችሁም የምትመደቡባቸው ጥምረቶች 36 ናቸው። እሱ ብቻውን የሚመደብባቸው 12፣ አንቺ ብቻሽን የምትመደቢባቸው 3 መስመሮች ሲጨመሩ 51 ይሆናሉ። የሚፈቀደው እስከ 300 ስለሆነ ሁሉም ይገባል። ይህን ሁሉ ከሞላችሁ፣ ብቻውን ቢያመለክት ቦታ ያገኝ የነበረ ሰው በአንቺ ምክንያት ሜዳ ላይ አይቀርም። የሚጎዱት ዝርዝሩን ሳይጨርሱ የሚያቆሙ ጥንዶች ናቸው፤ በጥምረት ካልተሳካ ኮምፒውተሩ ለየብቻ አይሞክርላቸውም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ የትኛው መስመር ከየትኛው ይቅደም የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተከራከሩ። እሱ የሚመኘው ትልቅ ሆስፒታል ገብቶ አንቺ ብትቀሪ ይሻላል? ወይስ ስሙ ብዙም የማይነሳ፣ ግን ሁለታችሁንም የሚቀበል ሆስፒታል? እሱ ፊላደልፊያ፣ አንቺ ባልቲሞር ብትደርሱስ? በመካከላቸው 160 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሬዚደንት በአማካይ በሳምንት እስከ 80 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ሰው ያን መንገድ እንዲነዳ አልመክርም፤ ልጃችሁስ ከማን ጋር ታድራለች? የሁለታችሁም ሥልጠና ሦስት ሦስት ዓመት ነው፤ እኔ ብሆን ለሦስት ዓመት ከመለያየት የአንዳችንን አንድ ዓመት መጠበቅ አስቀድም ነበር። ግን የሚጠብቀው ሰው ሁልጊዜ አንቺ እንድትሆኚ አስቀድሞ የተፈረደ አይምሰልሽ። ደግሞም የምደባው ውጤት ግዴታ ነው፤ ከወጣ በኋላ አልፈልግም ማለት ስለሌለ የማትኖሩበትን መስመር አትጻፉ።

ምክንያቱን ሳትነግሪው ለመቅረት ያሰብሽውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለእሱ የምትከፍይው መሥዋዕትነት መስሎሻል፤ ውጤቱን ተከታትለሽ ብታዪው ግን ሁለታችሁንም ይጎዳል። እሱ ዘንድሮ ብቻውን ከተመደበ በሚቀጥለው ዓመት አንቺ የምትመርጪው እሱ ባለበት ከተማ ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ፕሮግራሞች ብቻ ይሆናል። ከተመረቅሽ ያለፈው ጊዜም በአንድ ዓመት ይጨምራል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ ይህን ይመለከታሉ። ዘንድሮ ሁለታችሁም ገና የትም ሳትታሰሩ ያላችሁ ምርጫ ሰፊ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ይህ የሕይወታችሁ ትልቁ ውሳኔ ነው፤ ግማሹን ደብቀሽ እንዲወስን ማድረግ ለእሱ ያለሽን ፍቅር አያሳይም።

መንገዱ ቀላል ነው አልልሽም። ከውጭ ተመርቀው ከሚያመለክቱ አሜሪካዊ ያልሆኑ ሐኪሞች መካከል በቅርብ ዓመታት ቦታ ያገኙት ከ10 ወደ 6 የሚጠጉት ናቸው፤ የወደቅሽው ፈተናም መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ የሕጻናት ክሊኒክ ገብተሽ ሥራሽን ያየ ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ለቤተሰብ ሕክምናም ጨምረሽ አመልክቺ፤ እሱም ሦስት ዓመት ነው፣ ከባለቤትሽ ምርጫዎች ጋር የሚገጥሙ መስመሮችንም ያበዛላችኋል። ጥንድ መሆናችሁን ማመልከቻው ላይ ግለጹ። እሱን አንድ ሆስፒታል ሲጠራው አንቺ እዚያው ከተማ ወዳለው የሕጻናት ክፍል «ባለቤቴ ተጠርቷል፣ የእኔንም ማመልከቻ ቢያዩልኝ» ብለሽ አጭር ደብዳቤ ላኪ። ነውር የለውም፤ ብዙ ጥንዶች የሚያደርጉት ነው። የእሱ ጥንካሬ ለአንቺ በር የሚከፍተውም በዚህ መንገድ ነው።

ደግሞ እንደ ጥንድ መያያዙ ሴፕቴምበር ላይ የሚያልቅ ውሳኔ አይደለም። በኤንአርኤምፒ በኩል የምትያያዙት በኋላ ሲሆን፣ የምርጫ ዝርዝሩ ማስገቢያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ማፍረስም ትችላላችሁ። ቃለ መጠይቆቹ አልፈው ማን ስንት ቦታ እንደተጠራ በእጃችሁ ሲሆን፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ትወስናላችሁ። ዘንድሮ አመልክቺ።