ኦርጋኒክ ነው ብዬ ልጻፍላት?

ጥያቄ፦ ሻርፕና ቀሚስ እየሠራሁ በኢንስታግራም እሸጣለሁ። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ ነው የምገዛው። አሁን ጀርመን ያለች ባለ ሱቅ ብዙ ሻርፕ ልታዘኝ ፈልጋ፣ ጥጡ ኦርጋኒክ ስለመሆኑና ሸማኔዎቹ በአግባቡ ስለመከፈላቸው ማረጋገጫ ጠየቀችኝ። ነጋዴው «የእጅ ሥራ ነው፣ ምን ኬሚካል አለው?» ይለኛል። እሱን ብጽፍላት ምን ይመስልዎታል? (ሜ. ከጉለሌ)

መልስ፦ ኧረ አትጻፊ! ነገ ጣጣ ቢመጣ ነጋዴውን ማን ይጠይቀዋል? የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

ሸማው በእጅ ስለተሠራ ጥጡ ማሳ ላይ መድኃኒት አልተረጨበትም ማለት አይደለም። ጎትስ የሚባለው የምስክር ወረቀት ከጥሬ ዕቃው ቢያንስ 70 በመቶው ኦርጋኒክ እንዲሆን ይጠይቃል። ጥጡ ከፍሬው ከሚለይበት ከመዳመጫው ጀምሮ ያለው ሂደትም መረጋገጥ አለበት። ቤቷ ቁጭ ብላ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ይህን ወረቀት ከየት ታምጣው?

ይልቅ የምታውቂውን ብቻ ንገሪያት። ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው፣ እሱም ከተፈተለ። ከድሩም ከማጉም አንዳንድ ክር ምዘዢና ክብሪት ለኩሺበት። ቀልጦ እንደ ጠጠር ከጠነከረ ሰው ሠራሽ ነው። ወረቀት ወረቀት ሸትቶ አመዱ ከበነነ ግን ገና እልል አትበይ፤ ከእንጨት የሚሠራው ሬዮን የሚባል ክርም እንደዚያው ነው የሚነደው። ሌላ ክር በውኃ አርሰሽ ሳቢው። ጥጥ ሲረጥብ ይበረታል፣ ሬዮን ይልፈሰፈሳል። ይህን ነጋዴው ፊት ብታደርጊው ደግሞ ወሬውም ይቀንሳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በዘረዘራቸው ዕቃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና አለበት። ከጋሞ «እናስተምራችኋለን» ተብለው መጥተው መወርወሪያ ላይ የቀሩ ልጆች ታሪክ አዲስ አይደለም። በአዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። 15 ከሞላው በኋላም፣ 18 እስኪሆነው፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

ስለዚህ ሱቁን ተዪና ሸማኔው ቤት ሂጂ፣ ያውም ቀጠሮ ሳትይዢ፣ በትምህርት ሰዓት። የሽመናው ጉድጓድ ላይ ማን እንደተቀመጠ እይ። ክሩን ማን እንደገዛ ጠይቂ። ነጋዴው በዱቤ ሰጥቶት ከሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው፣ ሸማኔው መደራደሪያ የለውም። ክሩን ራስሽ አቅርቢ፤ የእጁን ዋጋ ከራሱ ጋር ተነጋገሪ፤ ከፊሉን በቅድሚያ ስጪውና በፊርማ ያዢው። ማረጋገጫ ብለሽ የምትልኪላት ይህንኑ ደረሰኝ ነው፤ የሥራውን ቦታ ፎቶም ጨምሪበት፣ ሸማኔውን አስፈቅደሽ።

ዋጋሽ መጨመሩ አይቀርም፤ ከመስማማትሽ በፊት ንገሪያት። ኦርጋኒክ ካልሆነ አልፈልግም ካለችሽ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ክር አስመጥታ ታቅርብልሽና አንቺ አሸምኚላት። ያኔም ቢሆን መለያው ላይ የጎትስን ምልክት እንዳትለጥፊ፤ የሽመናው ሥራ ራሱ ካልተረጋገጠ አይፈቀድም።