ቪዲዮ ካሜራ በቴሌግራም ስትገዢ ብሩ ከካሜራው አይቅደም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሴቶች ሠርግ እቀርፃለሁ፤ እስካሁን ካሜራ የምሠራው በኪራይ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ‹አዲስ ሶኒ ኤንኤክስ100፣ 4ኬ፣ ከነካርቶኑ› የሚል አየሁ። ዋጋው አዲስ አበባ ከጠየቅኩት በግማሽ ያንሳል። 30 በመቶ ቀብድ ላኪና ነገ በአውቶቡስ እንጭንልሻለን አሉኝ። አሜሪካ ያለችው አክስቴም ከአንድ የኦንላይን ሱቅ ልግዛልሽ ብላኛለች፤ እዚያም በጣም ርካሽ ነው። የትኛውን ልመን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብዱን አትላኪ። ማስታወቂያው ራሱን አጋልጧል፤ ኤንኤክስ100 4ኬ (ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው ምስል) አይቀርፅም። ባለ 1 ኢንች ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ) ነው፣ 12 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም (በሌንሱ እንቅስቃሴ የሚያቀርብ)፣ ሁለት የሚሞሪ ማስገቢያና ሁለት የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር) ማይክ መሰኪያ አለው። ለሠርግ ሥራ ጥሩ ካሜራ ነው፤ ቀረፃው ግን ፉል ኤችዲ ላይ ያበቃል። 4ኬ የሚቀርፀው ኤንኤክስ80 ነው። ካሜራውን አብርቶ ሜኑውን ያየ ሰው ይህን አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ፎቶውን ከሌላ ቦታ አውርዶ የለጠፈ ነው።

የዚህ ማጭበርበር አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቀብድ ያስልኩሻል። በማግስቱ «ዕቃው ኬላ ላይ ተያዘ፣ ለቀረጥ ይህን ያህል ጨምሪ» የሚል ስልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ብር እንዳይቀር ብለሽ ሁለተኛውን ትልኪያለሽ፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። በባንክም ሆነ በቴሌብር የላክሽው ገንዘብ ተቀባዩ አውጥቶ ከጨረሰው መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ልከሽ ከሆነ በዚያው ሰዓት ባንኩ ደውለሽ ሂሳቡ እንዲታገድ ጠይቂ፣ የዝውውር ደረሰኙንና የቻናሉን መልእክቶች ይዘሽም ፖሊስ ጋ ሂጂ። መልእክቶቹን ከመሄድሽ በፊት ስክሪንሾት አንሺያቸው፤ ሻጩ ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋቸው ይችላል።

ቻናሉን ለመመርመር ሩብ ሰዓት ይበቃሻል። ወደ ላይ ውጪና የመጀመሪያዎቹን ልጥፎች እዪ። ትናንት ስለ ኳስ ሲያወራ የነበረ ቻናል ተሸጦ ስሙ ተቀይሮ ዛሬ «ኤሌክትሮኒክስ» ሊባል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ «የቻናሉ ስም ተቀየረ» የሚለው ምልክት እዚያው መሐል ይገኛል። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ «የገጽ ግልጽነት» የሚለው ክፍል የተከፈተበትን ቀንና የቀድሞ ስሞቹን ያሳያል። የካሜራውን ፎቶ በጉግል ሌንስ (በፎቶ የሚፈልግ መተግበሪያ) ፈልጊው፤ ያው ፎቶ ዱባይም ሕንድም ከተለጠፈ የሻጩ አይደለም። የንግድ ፈቃድ ፎቶ ከላኩልሽ ደግሞ ፎቶው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ወስደሽ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ የሚወጣው ስም ብር ላኪ ከተባልሽበት ሂሳብ ስም ጋር መግጠም አለበት። ፈቃዱ በአንድ ሰው፣ ሂሳቡ በሌላ ሰው ስም ከሆነ እዚያው ላይ አቁሚ።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን ቪዲዮ ነው። ሻጩን እንዲህ በዪው፦ የዛሬን ቀንና የእኔን ስም ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ወረቀቱን ካሜራው ጎን አስቀምጥ፣ ካሜራውን አብራ፣ ዙሙን ከዳር እስከ ዳር ውሰደው፣ የመለያ ቁጥሩን ከካሜራው አካልም ከካርቶኑም አሳየኝ፤ ይህንን ሁሉ ሳትቆርጥ በአንድ ቪዲዮ ቅረፅ። ዕቃው ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ይልክልሻል። የሌለው «ሥራ በዝቶብኛል፣ መጋዘን ነው ያለው፣ እኔን ካላመንሽ ተዪው» ይላል። ያኔ ተዪው።

ቪዲዮው ቢመጣም ክፍያው የሚፈጸመው ካሜራው ተፈትሾ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም የምታምኚው ካሜራማን ሱቁ ድረስ ይሂድ፤ ወይም ሻጩ ዕቃውን ደሴ ፒያሳ ወዳለ የምታውቂው ፎቶ ቤት ይላክና እዚያ ፈትሸሽ ክፈይ። ለፍተሻው ግማሽ ሰዓት፣ የተሞላ ባትሪ፣ ሁለት ሚሞሪ፣ ገመድ ያለው ማይክና ሄድፎን ያስፈልግሻል።

ያገለገለ ካሜራ ላይ በመጀመሪያ የስክሪኑን ማጠፊያ እዪ። በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ፍላት ገመድ አለ፤ ስክሪኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይጠማዘዛል፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስክሪኑን ክፈቺና ቀስ እያልሽ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዙሪው። በአንዱ አቅጣጫ ምስሉ ቢንቀጠቀጥ፣ መስመር ቢያወጣ ወይም ጠፍቶ ቢመለስ ገመዱ ሊበጠስ ተቃርቧል። ብዙ ሻጭ ካሜራውን ስክሪኑን በአንድ ቦታ አቁሞ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ራስሽ ካላዞርሽው አይታይሽም።

ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ዝጊና ጌይኑን (ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቀውን) ወደ 24 ዴሲቤል ከፍ አድርገሽ አንድ ደቂቃ ቅረፂ። ጥቁሩ ምስል ላይ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ነጭ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ ተጎድቷል። የስልክሽን መብራት በሌንሱ ላይ በአግድም አብሪ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ በጨርቅ አይወለወልም፣ ሌንሱ መፈታት አለበት። ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንሰውን የኤንዲ ማጣሪያ በየደረጃው ቀይሪው (1/4፣ 1/16፣ 1/64)፤ በየደረጃው ምስሉ መጨለም አለበት። ሁለቱም የማይክ መሰኪያዎች ላይ ማይኩን እየቀያየርሽ በሄድፎን አዳምጪ። በሁለቱም ሚሞሪዎች አሥር አሥር ደቂቃ ቅረፂና እዚያው አጫውቺው።

ስም የሌላቸው «4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም» የሚባሉ ትንንሽ ካሜራዎችም ይዞራሉ። 16 እጥፉ ዲጂታል ዙም ነው፤ ሌንሱ አይንቀሳቀስም፣ ምስሉ ብቻ ተቆርጦ ይለጠጣል። የሠርግ አዳራሽ መብራት ላይ ምስሉ አፈር ይመስላል። ማስታወቂያ ላይ «ኦፕቲካል» የሚለውን ቃል ካላየሽ ዕለፊው።

ወደ አክስትሽ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ኒውዮርክ ብሩክሊን አካባቢ፣ ለዓመታት የታወቀ ዘዴ አለ። ድረ ገጹ ካሜራውን ከሁሉም በታች ዋጋ ይለጥፋል፣ ከታዘዘ በኋላ «ትዕዛዙን ለማረጋገጥ» ብለው ይደውላሉ። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ባትሪ 20 ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ሌላ ግዢ ይላሉ። እምቢ ካለች ካሜራው በድንገት «አልቋል» ይሆናል። ከካርቶኑ ውስጥ ቻርጀሩንና ገመዱን አውጥተው ለብቻ የሚሸጡም አሉ። አምራቾች ለማስታወቂያ ዋጋ ዝቅተኛ ወለል ስለሚያስቀምጡ ሕጋዊ ወኪሎች መካከል የአዲስ ካሜራ ዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ከሌላው በሩብ የሚያንስ ካየች ትጠርጥር። የድረ ገጹን ስም በአይካን (የድረ ገጽ ስሞችን የሚያስተዳድር ድርጅት) መፈለጊያ ላይ ታስገባው፦ «የ20 ዓመት ልምድ» የሚል ሱቅ ስሙ የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነ ግልጽ ነው። እንደ ቢ ኤንድ ኤች ካለ የታወቀ ሱቅ ትግዛ፣ የምትከፍለውም በክሬዲት ካርድ ይሁን፤ ካርድ ላይ ገንዘቡ እንዲመለስ ለባንኩ ክርክር ማንሳት ይቻላል። ሻጩ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ የሚላክ) ወይም በስጦታ ካርድ ክፈዪ ካላት ትተወው።

አንድ ነገር ንገሪያት፦ የአሜሪካ ካሜራ በ60 ኸርዝ ሥርዓት ነው የሚቀርፀው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ይርገበገባል። ኤንኤክስ100 ከሜኑው ወደ 50 ይቀየራል። የማይቀየር ካሜራ ከሆነ ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/100 ሴኮንድ ላይ አድርጊው። የጃፓን ገበያ ሞዴል ደግሞ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከመግዛቷ በፊት ሜኑውን በቪዲዮ አይታ ታረጋግጥ። ካሜራውን ይዛ በአውሮፕላን የምትመጣ ከሆነ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ትያዝ፣ ወደ ጭነት አይገቡም።

እዚህ ስትገዢ ደረሰኝ ሳትቀበዪ አትውጪ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልሽ ወይም ገንዘብሽ እንዲመለስልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ኮንትሮባንድና ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ግን ይህን መብትሽን የምታስረጂበት ነገር አይኖርሽም።

በስጦታ «ተጨማሪ» የሚባሉትንም ፈትሺ። ኤንፒ ኤፍ970 ባትሪ ውስጡ ስድስት ሕዋስ ስላለው ወደ 300 ግራም ይመዝናል። በወርቅ ሚዛን ወይም በኩሽና ሚዛን አስቀምጪው፤ 200 ግራም ካልሞላ ሕዋሶቹ ጎድለዋል። 256 ጊጋ የተባለ ሚሞሪም እውነተኛው 8 ጊጋ ሊሆን ይችላል፦ «ሞላ» ብሎ ሲነግርሽ ሳይሆን የሙሽራዋ መግቢያ ላይ ነው ቀረፃው የሚበላሸው። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኚና ሙሉውን አስፈትሺው። 128 ጊጋው በሴኮንድ 20 ሜጋ ከጻፈ ለመጻፍ ብቻ አንድ ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ማታ ከፍተሽው ተኚ።