ድምፄ ከተወደደ ለግጥሙ ምን ያህል ልጨነቅ?

ጥያቄ፦ መዝፈን ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ድምፄንና የዜማ አያያዜን የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ስለ ምን እንደዘፈንኩ መናገር የሚችል አድማጭ እምብዛም አላገኘሁም። ለግጥሙና ለታሪኩ ምን ያህል መጨነቅ ይገባኛል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለድምፅዎ የሚጨነቁትን ያህል ለግጥሙም መጨነቅ ይገባዎታል። በቅድሚያ ዜማውን ለጊዜው ትተው ግጥሙን እንደ ንግግር ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ምን እንደተለወጠ ለእርስዎ ካልተገለጠልዎት ለአድማጭ ሊገለጥለት አይችልም። የትንፋሽ ቦታም የሚለየው በዚሁ ንባብ ነው፤ ሐሳቡ ሳያልቅ የሚተነፍስ ድምፃዊ ስንኙን ለሁለት ይቆርጠዋል።

ዜማውን የሚሸከሙት አናባቢዎች ቢሆኑም፣ ቃልን ከቃል በመለየት ረገድ ተነባቢዎች ትልቅ ድርሻ ስላላቸው፣ ለድምፅ ውበት ሲባል ሊዋጡ አይገባም። በሴኮንድ ከ1000 ንዝረት በላይ በሚወጣ የሶፕራኖ (የከፍተኛው የሴት ድምፅ) ድምፅ ላይ አናባቢዎቹም ስለሚመሳሰሉ፣ ቁልፍ የሆነውን ቃል እዚያ ከፍታ ላይ ባያሳርፉት ይመረጣል።

በእኔ እምነት ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚባክነው በአዝማቹ ላይ ነው። «ተመለስ» የሚል አዝማች መለያየቱን ከሚተርክ ቤት በኋላ ተስፋ ነው፤ የሄደው ሰው መሞቱን ከሚናገር ቤት በኋላ ግን ያው ቃል ሙሾ ይሆናል። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ የዘፈነ ሰው በመካከል የሆነውን ሁሉ እንዳልሆነ አድርጎታል።

ይህ ሲባል ግን ማልቀስ ወይም መጮህ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንዝ ሹበርት እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1815 ለጀርመናዊው ገጣሚ ለጎተ ግጥም ዜማ በሠራለት «ኤርልኮኒግ» ውስጥ አንድ ድምፃዊ ብቻውን ተራኪውን፣ አባትን፣ ልጅንና ልጁን ሊወስድ የመጣውን መንፈስ ሆኖ ይዘፍናል። ልጁ በፍርሃት አባቱን በጠራ ቁጥር ዜማው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ መንፈሱ ግን በለስላሳ ድምፅ ያባብላል፣ አስፈሪነቱም ከዚያው ልስላሴ ይመነጫል።

እርስዎም ዘፈኑን ከዚህ በፊት ላልሰማ ሰው ይዝፈኑለትና ታሪኩን መልሶ እንዲነግርዎት ይጠይቁት፤ የሚደናገርበትን ቤት ለይተው ከዚያ ልምምድዎን ይጀምሩ።