ሳይሰማን የሚኖር በሽታ፦ ስለ ሥራ ቦታ የጤና ልየታ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃንና በሰሜን ሸዋ ሌሎች ከተሞች የሠራተኞች ጤና ልየታ፣ ማለትም ምንም በማይሰማው ሰው ላይ የተደበቀ በሽታን የሚፈልግ ምርመራ፣ ሊያደርጉ ከተዘጋጁ፣ አድርገውም ውጤቱ ግራ ካጋባቸው ሰዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። መልስ የሚሰጠው በሥራ ቦታ ጤና ላይ የሚሠራ የጤና መኮንን ነው።

ጥያቄ፣ ከሰው ኃይል ክፍል፣ ደብረ ብርሃን፦ 300 ያህል ሠራተኞች አሉን። አንድ ላቦራቶሪ "ሙሉ ምርመራ" ብሎ አልትራሳውንድና የካንሰር የደም ምርመራ ሳይቀር የተካተተበት ረጅም ዝርዝር ሰጥቶናል። በጀቱ አይበቃንም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ዝርዝሩን መልሱላቸው። ምንም የማይሰማውን ሰው በካንሰር ጠቋሚ ደም ምርመራ መፈተሽ የሚያተርፈው አብዛኛውን ጊዜ የሐሰት ድንጋጤና ሌላ ወጪ ነው። የእናንተ ገንዘብ ሦስት ነገር ላይ ይዋል። አንደኛ፣ የደም ግፊት ለሁሉም። ሁለተኛ፣ የስኳር ምርመራ ዕድሜው 40 ለሞላ፣ ከዚያ በታች ከሆነም ወገቡ ለሰፋ ወይም ከወላጆቹ አንዱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ስኳር ላለበት። ወገብ የሚለካው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው፤ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ አይደለም። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ይመዝገብ። ሦስተኛውን ሁሉም ይዘለዋል፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ነው፦ ሲጋራ፣ ጫት፣ በሳምንት ስንት መለኪያ አረቄ፣ በቤተሰብ ስትሮክ፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ የቆየ ሳል፣ ለሴቶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ነበር ወይ የሚል።

ኮሌስትሮል ካልቻላችሁ አትጨነቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የልብና የደም ሥር ሥጋት ሰንጠረዥ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 ለሆኑ ሰዎች ያለ ላቦራቶሪም ይሠራል፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው ግፊት፣ ክብደትና ቁመት ይበቁታል። የሽንት ፕሮቲን ግፊት ወይም ስኳር ለተገኘበት ብቻ ይታይ።

ጥያቄ፣ ከአንዲት የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ፦ ጠዋት የምንለካው ግፊት አብዛኛው ከፍ ይላል። ያንኑ ሰው ከሰዓት ስንደግመው ይወርዳል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማሽኑ በፊት ክፍሉን እይው። ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች ከተማ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ፣ ሰው ከውጭ ሮጦ ገብቶ ወዲያው ክንዱን ሲሰጥሽ የምትለኪው ብርዱንም ጭምር ነው። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትንም ያነሣል። ክፍሉ ይሙቅ፤ ተራ ጠባቂው አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የእኛ አገር ችግር ልብስ ነው። ሹራብና ጃኬት እጅጌው ተጠቅልሎ ሲወጣ ከላይ እንደ ገመድ ያንቃል፣ ንባቡ ይዛባል። ይውለቅ፤ ካፍ የሚባለው የክንድ መጠቅለያ ባዶ ቆዳ ላይ ይታሰር። ጀርባ ይደገፍ፣ እግር አይነባበር፣ ሁለቱም መርገጫ መሬት ይንካ። ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ በ8 ገደማ ከፍ ይላል። ወሬ ይቁም፣ ሽንት ይሸና። ቡና፣ ሲጋራና ጫት ከ30 ደቂቃ ወዲህ ከተወሰደ ሰውየው ወደ ተራው መጨረሻ ይሂድ።

ካፉም ልክ አለው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ካፍ ካሰርሽ ግፊት የሌለበትን በሽተኛ ታደርጊዋለሽ። ከ22 እስከ 32 እና ከ32 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር የሚሉ ሁለት ካፎች ቢያንስ ይኑሩሽ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ማሽን ለልየታ አትጠቀሚ። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለኪና አማካዩን ጻፊ። በዚህ አሠራር አንዲት ነርስ በሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰው ትለካለች፤ አለቃ "60 ሰው በሰዓት ጨርሱ" ካለ ቁጥሩ ይሞላል፣ ልየታው ግን አልተደረገም።

ጥያቄ፣ ከማሽን ኦፕሬተር፣ 34 ዓመት፦ 152 በ94 ብለው "ግፊት አለብህ" አሉኝ። ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። ኪኒን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአንድ ቀን ልኬት ተነሥቶ ኪኒን መጀመር አይገባም። ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በሌላ ሁለት ቀን ይደገም፤ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ሆኖ ከቀጠለ ያኔ ግፊት ይባላል። ቤት ውስጥ ከተለካ ግን ድንበሩ ዝቅ ይላል፣ 135 በ85 ነው። ራስ ምታትን አትጠብቅ፤ ግፊት ለዓመታት ምንም ሳይናገር ኩላሊትና ልብን ሊጎዳ ይችላል። እስከዚያው ጨው ቀንስ፤ በቀን ከ5 ግራም በታች ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፣ ወጡ ውስጥ ያለውም እዚያው ይቆጠራል። አረቄውንም ተወው።

160 በ100 ያለፈ ሰው ወር አይጠብቅ፣ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂድ። 180 በ110 እና በላይ ከሆነ 15 ደቂቃ አርፎ ይደገም፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ያየዋል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን መድገም የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፣ ከፈረቃ ተቆጣጣሪ፦ የስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ ነው ይባላል። የሌሊት ፈረቃ ያደረው እንዴት ይሁን? ዐቢይ ጾም ላይ ብናደርገውስ?

መልስ፦ ባዶ ሆድ ማለት ከመጨረሻው ጉርሻ 8 ሰዓት ነው፤ ውሃ ይፈቀዳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት የበላ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይሞላለታል። የሚያበላሸው 10 ሰዓት ላይ የሚጠጣው ስኳር ያለበት ሻይ ነው፤ "ሻይ ምግብ አይደለም" ብለው አይናገሩም፣ ስለዚህ ሻይን በስሙ ጠይቁ። ጠጥቶ ከሆነ ሌላ ቀን ይቀጠር።

ጾም ላይ ማድረግ ይቻላል፣ እንዲያውም ቁርስ ሳይበላ የመጣ ብዙ ነው። ጥንቃቄው ሌላ ነው፦ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ልየታ አያስፈልገውም፣ በሽታው ታውቋልና፤ ወደ ሚከታተልበት ሐኪም ላኩት።

በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ደኅና፣ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ድንበር ላይ ነው፣ 126 እና በላይ ደግሞ በሌላ ቀን በላቦራቶሪ ይረጋገጥ። ጣት ላይ የሚለካው ለመለየት እንጂ በሽታውን ለመወሰን አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሸዋሮቢት፦ ግሉኮሜትራችን (የስኳር መለኪያ ማሽናችን) ውጤቱ ይዘባርቃል። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ብንለካ አይገናኝም።

መልስ፦ እናንተ ዘንድ ሙቀቱ ነው። አብዛኛው ስትሪፕ (የደም ጠብታው የሚነካበት ቁራጭ) ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ መኪና ውስጥ የዋለ ሣጥን ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። ክዳኑ ክፍት ከዋለም እርጥበት ይበላዋል፤ አንድ እያወጣችሁ ወዲያው ክደኑ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ማሽኑ ከ10 ዲግሪ በታች ብዙ ጊዜ ስሕተት ይላል፣ ስለዚህ ከኪስ አይውጣ።

ከዚያ ጣቱ። ብርቱካን የላጠ ወይም ሻይ ውስጥ ስኳር የጨመረ ሰው እጁን ሳይታጠብ ከወጋችሁት የምትለኩት ጣቱ ላይ ያለውን ስኳር ነው። በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። አልኮል ከቀባችሁም እስኪደርቅ ጠብቁ። የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረግ፣ ጣት አጥብቆ አይጨመቅ።

ጥያቄ፣ ከክር መፍተያ ክፍል፦ ከእረፍት ማግስት ሥራ ስገባ ደረቴ ይያዛል፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ይለቀኛል። ብርድ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ብርድ ቢሆን ቀን አይመርጥም ነበር። ከእረፍት በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚብስ የደረት መያዝ የጥጥ አቧራ በሽታ ዓይነተኛ ምልክት ነው፤ ጥጥ የሚፈታበትና የሚበጠርበት ክፍል ላይ የባሰ ነው። ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ ልኬት በዚያው የመጀመሪያ ቀን፣ ሥራ ከመግባትህ በፊትና ከወጣህ በኋላ ይደረግ፤ በአንድ ሴኮንድ የሚወጣው አየር ከቀነሰ አቧራው እንደሚጎዳህ ያሳያል። በሐሙስ ቢለካ ምንም ላይታይ ይችላል። ጭንብል ብቻውን አይበቃም፣ አቧራ መሳቢያው መሥራቱን አስፈትሽ። ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ አክታህ ለሳንባ ነቀርሳ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የነቀርሳ ጀርም መለያ ማሽን ይመርመር።

ጥያቄ፣ ስሜ ይቆይ፦ ስኳር ቢገኝብኝ ያባርሩኛል?

መልስ፦ ውጤቱ የአንተ ነው። አሠሪው ሊያውቅ የሚገባው "ለሥራው ብቁ ነው፣ በገደብ ብቁ ነው፣ ለጊዜው አይችልም" የሚለውንና የጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ነው። ውጤት ስም እየተጠራ የሚነበብበት ወይም በአንድ ወረቀት ለሁሉም የሚዞርበት ልየታ ከሆነ አትሳተፍ ብልህ አላፍርም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አዲስ ለሚቀጠሩና አደገኛ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች የሚያስፈልገውን ምርመራ ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ኤችአይቪ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሹፌር ወይም ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ቦታ ሊቀየርለት ይችል ይሆናል፤ ያ ማባረር አይደለም።

ጥያቄ፣ ከመምህራን፣ ደብረ ሲና፦ ባለፈው ልየታ ተደርጎ ነበር። ወረቀት ሰጡን፣ ከዚያ ማንም አልጠየቀንም።

መልስ፦ ገንዘቡ የባከነው እዚያ ላይ ነው። ከመጀመሩ በፊት አንድ ኃላፊ ሰው ይሰየም። ከፍ ያለ ውጤት ላገኘ ሁሉ የሚደገምበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ የሪፈር ወረቀቱ ጤና ጣቢያው ሞልቶ የሚመልሰው ቁራጭ ይኑረው። በሁለት ሳምንት ቁራጩ ያልመጣለት ሰው ስልክ ይደወልለት፤ ሳይሄድ ቢገኝ አትቆጡት፣ ፈቃድ አጥቶ ይሆናል፣ ስለዚህ የግማሽ ቀን ፈቃድ አብሮ ይሰጥ። ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ ሕክምና ጀመረ፣ ስንቱስ ግፊቱ ከ140 በ90 በታች ሆነ የሚለው ይቆጠር። ድንበር ላይ ያሉት በየዓመቱ ይታዩ። የሚቀጥለውን ቀን ስትመርጡ ደግሞ ከገና ወይም ከፋሲካ ማግስት ያለውን ሳምንት ዝለሉት፤ ጠላው፣ ጨዋማው ምግብና የእንቅልፍ እጦቱ ልኬቱን ያዛባባችኋል።