ከፋብሪካ አጠገብ ያለ የጉድጓድ ውሃ፦ ማፍላት ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ባሕር ዳር ያለው የግቢያችሁ ጉድጓድ ለቆዳ ፋብሪካ ቅርብ ስለሆነ «አፍልተን ብንጠጣው ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሊመጣ የሚችለውን ክሮም የሚባል ብረት አያወጣም። ማንቆርቆሪያሽን ውስጡን እይው። ታች የተጋገረው ነጭ ነገር ውሃው ሲፈላ አብሮ ሳይተን የቀረ ማዕድን ነው። ክሮምም እንደዚያው ይቀራል፤ ብዙ ባፈላሽው ቁጥር እንዲያውም ውሃው ስለሚቀንስ በሊትር ያለው መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም ለጀርም ነው የሚሠራው።

ክሮም ቆዳ ለማልፋት ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ይህን በዓይን አታዪውም። «ውሃው ጥርት ያለ ነው» የሚልሽን አትስሚ።

ስለዚህ ለመጠጥና ለምግብ ከቧንቧ ቅጂ። የጉድጓዱን ውሃ ላብራቶሪ ስትወስጂ «ክሮምና ናይትሬትም (ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) ይታይልኝ» በይ፤ ዝም ካልሽ ጀርም ብቻ አይተው ሊመልሱሽ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ካለ ግን ውጤት አትጠብቂ፣ የጉድጓዱን ውሃ ለሕፃኑ መስጠት ዛሬውኑ አቁሚ። ናይትሬት የበዛበት ውሃ የሕፃን ደም ኦክስጅን በደንብ እንዳይሸከም ያደርጋል።